ስሜን ያልተናገረችው ጎረቤቴ

እንደኔ ያለች ሴት ብዕር ስታነሳ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ፣ የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። አሁንም አንድ መስመር ስጽፍ እጄን ያልበኛል። ግን ስለ ጎረቤቴ ሌላ ሰው ቢጽፍ እኔ የማውቀውን አያውቅም። ስሳሳት እያለፋችሁ አንብቡልኝ፣ ይቅርታ።

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ማይኳ» ነው የሚላት። አሥራ አንድ ዓመት ፎቶ ኮፒ ቤት ሠርታለች። የየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ በእሷ እጅ ነበር የሚባዛው። ሰው እየመጣ «ምን ይላል?» ሲላት ለእያንዳንዱ ማንበብ ሰለቻትና አንድ ቀን ድምጿን በስልኳ ቀድታ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። በዚያው ቀጠለች። መብራት የሚጠፋበትን፣ መንገድ የሚዘጋበትን፣ ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ትናገራለች። እኔ ማንበብ ስለሚያደክመኝ ቤት ስጠርግ እሷን ነው የምሰማው። ስትሳሳት የተናገረችውን አታጠፋም። «ትናንት ተሳስቼ አሳስቻችኋለሁ» ብላ እዚያው ላይ ትናገራለች።

እኔ የውሃ መሥሪያ ቤት ጽዳት ነኝ። ስብሰባ ሲኖር ሻይም አቀርባለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ለጋዜጠኞች መግለጫ አለ፤ የሚገባው ግን የመግቢያ ካርድ ያለው ብቻ ነው። ማይኳ ካርዱን ለማግኘት አመልክታ ስምንት ወር በር ላይ ቆማለች።

«ካርድ?» ይላታል ዘበኛው።

«ካርድ የለኝም። ስድስት ሺህ ሰሚ አለኝ።»

«ሰሚዎችሽ በር አይከፍቱልሽም፣ እህቴ።»

ካርዱን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ የሬዲዮ ሰውዬ ደግሞ ሲያልፍ ይስቅባታል። «ስልክ የያዘ ሁሉ ጋዜጠኛ ከሆነማ፣ አማቴም ጋዜጠኛ ናት!»

«አማትህ ሁለት ሰው ሳትጠይቅ የማታወራ ከሆነች ትምጣ፣ አብረን እንቆማለን» አለችው።

እንዲህ ያለችውን ሴት ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። አንድ ረቡዕ ለመሐንዲሶቹ ሻይ ሳቀርብ፣ «ነገ የታች ሰፈር ውሃ ይዘጋል» ሲባል ሰማሁ። ትሪዬን ይዤ ወጣሁ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ለካ ሐሳባቸውን ቀይረው የላይ ሰፈር ይዘጋ ብለዋል። ማታ በአጥር ላይ ነገርኳት። መሥሪያ ቤቱ ደወለች፣ የሚያነሳ ጠፋ። እኔን አምና ተናገረች።

በማግስቱ ጉድ ፈላ። ታች ሰፈር በርሜሉን ሁሉ ሞልቶ ውሃው ይንዠቀዠቃል። ላይ ሰፈር ያለው ልብስ አጣቢ ሳሙናው ልብሱ ላይ እንዳለ ቀረ። የመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ የተለጠፈው ውሃው ከሄደ በኋላ ነው። ማይኳ እኩለ ቀን ላይ ፊቷን እያሳየች ይቅርታ ጠየቀች።

በሳምንቱ ሐሙስ ስለ ካርዱ ተጠራች። እኔም ሻይ ይዤ ገባሁ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ማመልከቻዋን ፊቱ ዘርግቶታል።

«የውሃውን ነገር ማን ነው የነገረሽ?»

«እሱን አልናገርም።»

«ስሙን ስጪኝና ካርድሽን ዛሬውኑ ውሰጂ። ካልሆነ ወሬኛ ነሽ ማለት ነው።»

የሻይ ብርጭቆዎቹን በትሪው እሷ ፊት አቀረብኩ። ማይኳ አንዱን አነሳችና እንደማያውቀኝ ሰው «ስኳር ጨምሪልኝ፣ እህቴ» አለችኝ። ሻይ በስኳር ጠጥታ አታውቅም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው። «ሁለተኛ ሰው ሳልጠይቅ ተናገርኩ፤ ይህንንም ለሰሚዎቼ ነግሬያለሁ። የነገረኝን ሰው አሳልፌ ከሰጠሁ ግን ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?»

«እንግዲያው ነገ የእምቢታውን ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

ማታ በአጥር ላይ ጠራችኝ። «ትንፍሽ እንዳትዪ። ሥራሽን ያዢ።»

«ካርዱስ?»

«ስምንት ወር ያለ ካርድ ቆሜያለሁ። እግሬ ለምዶታል።»

ሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

በማግስቱ ጠዋት ባዶ እጄን ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ምነው እትዬ፣ ዛሬ ሻይ የለም እንዴ?»

«የለም። እኔ ነኝ።» በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። «እኔ ነኝ የነገርኳት። ግማሹን ሰምቼ ወጥቼ፣ ግማሹን ነገርኳት።»

እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። «ትናንት እዚሁ ቆመሽ አልነበር እንዴ?»

«ቆሜ ነበር።»

«እሷስ አይታሻለች?»

«ስኳር ጠይቃኛለች።»

ደብዳቤውን ወደ ጎን ገፋው። «ከስብሰባ ብርጭቆ እንጂ ወሬ አይወጣም። ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

«ገባኝ፣ ጌታዬ።»

«ለማክሰኞ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አንድ ወንበር ጨምሪ።»

ማክሰኞ ገና አራት ቀን ይቀረዋል። እኔ ግን ወዲያው ዕቃ ቤት ገባሁ። እግሩ የማይነቃነቀውን መርጬ ወለወልኩና ከፊት ረድፍ፣ ከሬዲዮው ሰውዬ ወንበር አጠገብ አስቀመጥኩት።