በቀይ ቀለም የተጻፈው ስም

የአክስቴን ባል ቁም ጸሐፊ ወልደ ሥላሴን እስከ ዛሬ አልማርሁትም። በሕይወቱ አንቱ እለው ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ። አፈሩን ገለባ ያድርግለት እላለሁ፤ ከልቤ አይደለም።

ቤታቸው ቡሬ አጠገብ፣ ፈጣም ወንዝ ዳር ነበር። የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና ያወጣል፤ ለየደብሩ ዳዊትና ድርሳን ይገለብጣል። በሚተርፈው ብራና ደግሞ የራሱን ነገር ይጽፋል። ፈጣም በክረምት እንዴት እንደሚሞላ፣ ውሃ ልትቀዳ የምትመጣን አንዲት ልጅ ከወዲያ ማዶ የሚያይ ወጣት እንዴት አፉ እንደሚተሳሰር፣ ከተጋቡ በኋላም ልጅ አጥተው እንዴት ዝም ተባብለው እንደሚኖሩ። ዛሬ ልብ ወለድ የሚሉት ነው። ያኔ ብራና ላይ ተረት መጻፍ ነውር ስለነበረ እንደ ድርሳን ደጉሶ፣ የቆዳ ማኅደር አልብሶ ከምሰሶው ላይ ሰቀለው።

ልጅቱ አክስቴ እማዋይሽ ናት። ስሟን እንኳ አልቀየረም፤ ይባስ ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈው። በመጽሐፍ ውስጥ በቀይ የሚጻፈው የጌታ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም መሆኑን ያልተማረውም ያውቃል። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቀዩን ግን ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት እጇን ታጥባ መጽሐፉን ታወጣና ቀይ ቀዩን እየፈለገች ትስማለች። የገዛ ስሟን!

እሱ ጥግ ተቀምጦ መቃ ብዕሩን እየቀረጸ ያያታል። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው።

አንድ ቀን፣ «ገድሉ የማን ነው?» አለችው።

«የአንዲት ደግ ሴት።»

«ስሟን ቢነግሩኝ ምናለ? ልጅ እንድትሰጠኝ ስለት እሳል ነበር።»

«ለፋሲካ አነብልሻለሁ» አላት።

ማን ከለከለው? ፈራ። ስንት ዓመት የሳመችውን ከአፏ መንጠቅ መሰለው። ሁለት ፋሲካ አለፈ።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. አርበኞች የጣሊያንን ስንቅ ጫኞች መቱ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ወታደሮች ከቡሬ ወጥተው መንደሩን ከጫፍ ጀምሮ ያነዱት ጀመር። ባልና ሚስቱ ወደ ወንዙ ሲሸሹ አክስቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

«መጽሐፉንስ?»

«ተይው፣ ይቅር።»

«ቅድስቲቱን ለእሳት ጥዬ? ምን ነካዎት?» ብላ ተመለሰች።

ተረት ነው ቢላት ትቆም ነበር። አንዲት ቃል ናት። እሷኑ አላላትም፤ ተከትሏት ሲደርስ ሣር ክዳኑ ተያይዟል። መጽሐፉ በበሩ ተወርውሮ እግሩ ሥር ወደቀ። እሷ አልወጣችም፤ ጣሪያው ላይዋ ላይ ተናደ።

በአርባዋ ቀን ንስሐ አባቷ አባ ወልደ ገብርኤል፣ «የሞተችለትን መጽሐፍ እስቲ አንብብልን» አሉት። ቆሞ አነበበ። ለቀስተኛው ሐዘን አእምሮውን ያናወጠው መስሎት አንገቱን ደፋ፤ ከየመስመሩ የሚወጣው የእማዋይሽ ስም ነበርና። አባ መጽሐፉን ተቀብለው ገለጡ፤ ከመሳም የደበዘዘውን ቀይ አዩ። 

«እሷ ታውቅ ነበር?» አሉት።

«ለፋሲካ ልነግራት ነበር፣ አባቴ።»

አልገሠጹትም። ቢገሥጹት ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲያ ብዕር አልጨበጠም፤ የሰው ማሳ እየጠበቀ ኖሮ ሞተ።

መጽሐፉ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። በስተርጅናዬ መሠረተ ትምህርት የገባሁት እሱን ለማንበብ ብዬ ነው። ጥቁሩ ጽሑፍ እንዳለ አለ፤ ወንዙ ይሞላል፣ ወጣቱ ማዶ ቆሟል። ቀዩ ግን ከመሳም ብዛት ለቋል፤ ስሟ የነበረበትን ቦታ ዘልዬ ነው የማነበው።