ከጎማ ቤቱ ወደኋላ

በ1990 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቢሆነኝ የምለው የተወለድኩበትን ቀን የጻፈልኝ ስለሌለ ነው፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ ያለውን ልደት ፓስፖርት ያወጣልኝ ደላላ ነው የፈጠረው።

ያን ጊዜ ያስታወሰችኝ ልጄ ሐናን ናት። ሐናን እዚሁ ሳዑዲ፣ ኾባር ተወልዳ ያደገች፣ የኮምፒውተር ሥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ዐስር ሰግጄ ሻይ ይዤላት ስገባ ስክሪኑ ላይ እንግሊዝኛ ተደርድሯል። እንግሊዝኛ አላነብም። አማርኛውንም ቢሆን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው የለቀምኩት። ግን ከጽሑፉ ግርጌ ሁለት ሁለት የጥያቄ ምልክት ወደታች ተሰልፎ አየሁ። እሱን አውቀዋለሁ።

«ጠፋበት እንዴ?» አልኳት።

«ምኑ ባባ?»

«ዲበገሩ ነዋ። ማን እንደጠራው ጠፋበት?»

ጆሮዋ ውስጥ ያለውን ነገር አውጥታ አየችኝ። ከየት አወቅክ አለችኝ፣ በዐረብኛ። ልጆቼ ሲገርማቸው በዐረብኛ ነው የሚገርማቸው። «ከአንድ ሰው» አልኳት። «ጠይብ»፣ እሺ፣ ብላ የጆሮዋን ነገር መልሳ ከተተችው። ሻዩን አስቀምጬ በረንዳ ወጣሁ።

ያ ሰው ጋሽ ደረጀ ይባላል። የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ኢንጂነር፣ ከእኔ አሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። እኔ ያኔ ዳማም ላለ ካምፓኒ ሾፌር ነበርኩ። ካምፓኒው መሬት ውስጥ ነዳጅ መኖር አለመኖሩን ነው የሚያየው። መሬቷን ይደበድቧታል፤ ከሆዷ የሚመለሰውን ድምፅ ይቀዳሉ፤ የተቀዳውን ኮምፒውተር ያነበዋል። እንዲያነብ የሚያደርገውን ፕሮግራም የሚጠብቀው ጋሽ ደረጀ ነበር። ሰሜን ኾባር፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ክላክስ ሁለቴ አደርጋለሁ፤ ይወርዳል፤ ዳማም አደርሰዋለሁ።

ቢሮው ውስጥ ህንዱ፣ ግብጹ፣ ፊሊፒኑ ሞልቷል። አማርኛ ግን እሱ ከእኔ ጋር፣ እኔ ከእሱ ጋር ብቻ ነበርን። ስለዚህ መኪና ውስጥ ሁለታችንም እናወራለን። እኔ ስለ ወሎ እነግረዋለሁ፣ እሱ ስለ ሥራው ይነግረኛል። ሌላ የሚነግረው ሰው የለውማ።

በዚያ ዓመት ሙቀቱ ሲገባ እናቱ ታመሙ። ልባቸው ነው። ሊሄድ ሙዲሩን፣ አለቃችንን ማለቴ ነው፣ ቢጠይቀው ፕሮግራሙ በየቀኑ እየወደቀ ስለነበር «ማኪናዋ ሳትድን ኹሩጅ ማፊ» አለው። ማሽኗ ሳትድን የመውጫ ወረቀት የለም ማለት ነው። ፓስፖርቱ ሙዲሩ ጋ ነው። ጋሽ ደረጀ መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮቱን እያየ «እናቴን ሳላያት እንዳትቀበር ነው የምፈልገው፤ ሌላ አልፈልግም» አለኝ። እንዲደርስላቸው እመኛለሁ፤ ሲሄድ ደግሞ እኔ ብቻዬን እንደምቀር አውቃለሁ።

የፕሮግራሙ ነገር፣ እኔ እንደገባኝ፣ እንዲህ ነው። ፕሮግራም ማለት እርስ በርሱ የሚላላክ ሠራተኛ ነው። አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ የተጠራው ሌላ ይጠራል፤ ሁሉም ሲጨርስ የሚመለስበትን ቦታ ይዞ ነው የሚሠራው። ፕሮግራሙ ሲወድቅ ዲበገር የሚሉት መርማሪ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ሲሠራ የነበረውን ይይዝና «ማን ጠራህ?» ይለዋል። እገሌ። እገሌንም «አንተንስ?» ይለዋል። እንዲህ እያለ ወደኋላ እስከ መጀመሪያው ይሄዳል። ጥፋቱ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሲግናል የሚባል ነገር አለ። እሱ አይጠራም፤ ያቋርጣል።

«ምሳህን እየበላህ ነው እንበል» አለኝ ጋሽ ደረጀ። «የሙዲሩ ማዳም ደወለች።»

«ትደውላለች።»

«ዳቦህን ትተህ ትሮጣለህ። ማነው የላከህ? ዳቦው ነው?»

«ዳቦ ምን አፍ አለው!»

«ይኸውልህ። ዲበገሩ ግን ሞኝ ነው። ከአንተ በፊት የነበረው ዳቦው ስለሆነ ዳቦውን ይጠይቃል። መልስ ሲያጣ ሁለት የጥያቄ ምልክት ጽፎ ይቆማል።»

የእሱም መርማሪ እዚያ ላይ ነበር የሚቆመው። ሲግናሉን የተቀበለውን ያሳየዋል፤ ሲግናሉ ሲመጣ ማን ምን ይሠራ እንደነበር አያሳየውም። ጥፋቱ ያለው ደግሞ እዚያ ማዶ ነው።

መላ አለው አለኝ። የማሽኑ አዛዥ ፕሮግራሙን ሲያቋርጥ፣ እጁ ላይ የነበረውን ዕቃ ሁሉ እንዳለ ያስቀምጥለታል። ከዕቃው አጠገብ ሦስት ትእዛዝ ያኖርለታል። ዕቃህ ያለበትን ያዝ፤ የመመለሻውን ቁጥር ያዝ፤ አዛዡን ጥራ። ሲግናሉን የተቀበለው ሥራውን ሲጨርስ በእነዚህ በሦስቱ በኩል ያልፋል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል፣ ምንም እንዳልሆነ። የእኛ ማሽን አልፋ የሚባል ፕሮሰሰር ነበረው። በአልፋ ላይ ሦስቱ ትእዛዞች ምንጊዜም እነዚያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም አይለወጥም። ሌላ ፕሮሰሰር የራሱ አለው። ጋሽ ደረጀ ዲበገሩን የሚያስተምረው ይህን ነበር፦ ተቀባዩን በመልኩ አትፈልገው፣ ማንም ሊሆን ይችላል። በሚመለስበት መንገድ ለየው። ሦስቱን ካገኘህ፣ እዚህ ጋ የተቋረጠ አለ በል፤ ማንነቱን ከተቀመጠለት ዕቃ አንብብ።

ሰው በሚመለስበት መንገድ ይለያል የሚለው ነገር በጣም ገባኝ።

አስተማረው፤ ግን አንዳንዴ ይለያል፣ አንዳንዴ ያው የጥያቄ ምልክት ነው። ነሐሴ ገባ። የነሐሴን ወበቅ ኾባር ያልኖረ አያውቀውም። ከመኪና ስትወርድ መነጽር ይታወራል፣ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል፤ ባሕሩ ወደኋላ ሲሸሽ ሽታው እስከ ገበያው ድረስ ይመጣል። በየመንገዱ እሸት ቴምር ይሸጣል። እገዛለት ነበር፤ ፍሬውን በእጁ እንደያዘ ሳይበላው ዳማም እንደርሳለን።

አንድ ሐሙስ፣ ያኔ ዕረፍቱ ሐሙስና ዓርብ ነበር፣ አገሩ ሁሉ ሐብሐብና ልጅ ጭኖ ወደ ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳርቻ ሲጎርፍ እኛ ወደ ዳማም እንነዳለን። ዳማም የምትኖር አንዲት ነርስ ወደ አገር ልትበር ነው፤ የእናቱን መድኃኒት ልትይዝለት ተስማምታለች። ከመግሪብ በፊት ከቤት ትወጣለች። ቤት ያኔ በቁጥር አይፈለግም። በስልክ የነገረችው ይህን ነው፦ ታሚስ ቤት፣ ቀጥሎ ላውንድሪ፣ ቀጥሎ ጎማ ቤት፤ በታሚስ ቤቱ ጎን ባለው ቀጭን መንገድ ግቡ። ታሚስ አፍጋኖች የሚጋግሩት ሰፊ ዳቦ ነው።

ዳማም ውስጥ ላውንድሪና ጎማ ቤት የሌለው መንገድ የለም። እኔ ታሚስ ቤቱን ነው የምፈልገው። መጀመሪያ የተባለው እሱ ነዋ! አንድ መንገድ እገባለሁ፣ ላውንድሪ አያለሁ፣ ጎማ ቤት አያለሁ፣ ታሚስ የለም። አይደለም ብዬ እወጣለሁ። ፀሐይዋ እየወረደች ነው።

«ጠይቅ እንጂ አንተ ወሎዬ! አፍህን ቤት ረስተኸው መጣህ?»

«መሪ ጨብጬ መንገድ አልጠይቅም።»

«ሾፌር ነህ ወይስ ባላባት?»

«ባላባት ብሆን እርስዎ ነበሩ የሚነዱኝ።»

ሌላ ጊዜ ይስቅ ነበር። ያን ቀን መድኃኒቱን ጭኑ ላይ ይዞ ሰዓቱን ነው የሚያየው። እኔም ላብ አጠመቀኝ፤ ግን አልጠየቅሁም።

ከአንዲት ጠባብ መጋጠሚያ ስወጣ ጎማ ቤት ፊት ለፊት ተገተርኩ። መንገዱ ቀደም ሲል ገብተን የወጣንበት መሰለኝ፤ ያኔ የገባነው ከመሃል፣ ከላውንድሪው ላይ ነበር። ፍሬን ያዝኩ። «ይሄ ሦስተኛው ከሆነ ሁለተኛው ከኋላዬ ነው፣ አንደኛው ከእሱ ኋላ» አልኩ ለራሴ። የኋላ ማርሽ አስገባሁና ወደኋላ ነዳሁ። ላውንድሪው በእንፋሎቱ አለፈ። ከዚያ የትኩስ ዳቦ ሽታ መጣ።

«ደረስን!» አልኩ።

ጋሽ ደረጀ አይወርድም። «ቅድም ምን አልክ?»

«ደረስን አልኩ።»

«ከዚያ በፊት!»

«ሁልጊዜ ከአንደኛው ስጀምር ነው የሳትኩት። ሰው ሦስተኛው ላይ ቢወድቅስ? ወደኋላ መቁጠር ነው እንጂ።»

ዳሽቦርዱን በመዳፉ መታው። «ቢሮ ውሰደኝ! አሁን!»

«መድኃኒቱስ? እናትዎስ?»

ጭኑን አየ። ብድግ ብሎ በቀጭኑ መንገድ ሮጠ፣ አስረክቦ እየሮጠ ተመለሰ።

ለካስ አንዱን ሲግናል የተቀበለው ጨርሶ ሲመለስ፣ ሌላ ሲግናል መንገድ ላይ ይይዘዋል። የተያዘው ሁለተኛው ትእዛዝ ላይ ወይም ሦስተኛው ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ጋሽ ደረጀ ግን ዲበገሩን ያዘዘው ከአንደኛው ብቻ ጀምሮ እንዲያመሳስል ነበር። ሁለተኛው ላይ ካገኘኸው አንድ ወደኋላ፣ ሦስተኛው ላይ ካገኘኸው ሁለት ወደኋላ፣ ከዚያ አመሳስል ማለት ነበረበት። «እየተመለሰ ያለው ነው የጠፋኝ» አለኝ መንገድ ላይ። ይህን ስናገር «አንተ ነህ ያስተማርከው» የሚሉኝ አሉ። ውሸት ነው። እኔ መንገድ ነው የሳትኩት።

በሳምንቱ ቢሮ አስገብቶ አሳየኝ። የጥያቄ ምልክቱ በነበረበት ቦታ ስም መጥቷል፤ ስም ከስም በታች እስከ መጀመሪያው። ጥፋተኛውም ተገኘ። አንዱ ሠራተኛ ዕቃ እየደረደረ፣ ገና ግማሽ ላይ ሳለ ሲግናሉ ያቋርጠዋል፤ ሲግናሉን የተቀበለው ደግሞ ያንኑ ያልተደረደረ ዕቃ ይነካካል። አስተካከለው። ማሽኑ መውደቅ ተወ። ሙዲሩ «ኸላስ»፣ አለቀ፣ ብሎ ወረቀቱን ፈረመ።

አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ታሚስ ሰጠሁት።

«ሰይድ፣ አንተስ መቼ ነው?» አለኝ።

«ቅርብ ነው፣ ኢንሻአላህ» አልኩት።

ነርሷ በዓመቱ ስትመለስ ነገረችኝ። እናቱ በሕይወት ሳሉ ደርሶላቸዋል። አውቀውታል፣ በስሙ ጠርተውታል፤ ያረፉት ከወራት በኋላ ነው፣ እሱም እዚያው ቀርቷል። ድምፁን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

እኔ አለሁ። ለሁለት ዓመት ብዬ የመጣሁ ሰው እዚሁ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሚስቴንም እዚሁ ቀበርኩ። እሷ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ወሬው ሁሉ ዐረብኛ ነው፤ ለእኔ ሲሆን ነው አማርኛ የሚፈለገው። በረንዳው ላይ ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው። ሐናን ማን ጠራህ፣ አንተንስ ማን ብላ ወደኋላ ብትቆጥር፣ እኔ ድረስ ትመጣለች። ከእኔ ወዲያ ያለው ለእሷ ሁለት የጥያቄ ምልክት ነው። የአባቴን ስም ከኢቃማው ታውቀው ይሆናል፤ ሰውየውን አታውቀውም፤ ምን እየሠራሁ ሳለ ከምን ተቋርጬ እንደመጣሁም አታውቅም። አልጠየቀችኝም። እኔም በገዛ ቤቴ ጠይቁኝ ብዬ አልለምንም። ስለዚህ ጻፍኩት። ታነበው እንደሆነ አላውቅም፣ ፊደሉ ያስቸግራታል።

ጋሽ ደረጀ በሄደ ማግስት ጠዋት ተነሳሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ መኪናዋን ይዤ ሰሜን ኾባር ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ክላክስ ሁለቴ አደረግሁ። የሕንጻው ዘበኛ፣ ባንግላዴሹ፣ አንገቱን አወጣና «ሙሐንዲስ ማፊ! ሳፈር!» ብሎ ጮኸብኝ። መሐንዲሱ የለም፣ ሄዷል ነው የሚለው። «አውቃለሁ» አልኩት በአማርኛ። ከዚያ እስከ ዳማም ድረስ ድምፄን አውጥቼ፣ በአማርኛ፣ ስለ ወሎ እያወራሁ ነዳሁ።