በዳማ ትከሻ ላይ የተቀባው ቀለም

የባለቤቴ አባት ባለጋሪ ናቸው። ተድሬ እዚህ ቤት ስገባ ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍልና አንድ ጋጣ ነበር፤ ከሦስቱ ወግ ያለው ጋጣው ነው። የእኛ ጣሪያ ያፈሳል፣ የፈረሳቸው የዳማ አያፈስም። ለምን እንደሆነ ባለቤቴን ብጠይቀው፣ «እኔን በነፃ ነው ያገኘኝ፣ ፈረሱን ግን ገዝቶታል» ብሎ ሳቀ።

አባባ ቀጭን፣ ቁጡ፣ በሰው ፊት ወሬ የማይወዱ ሰው ናቸው። ለዳማ ግን ያወራሉ። ጠዋት ልጄን አዝዬ ልብስ ሳሰጣ ከጋጣው ድምፃቸውን እሰማለሁ። «የባለሱቁ ሚስት ኮበለለች አሉ፣ ሰማህ? ደግ አደረገች። ብላ፣ ብላ።» የሰፈሩን ወሬ ከዳማ ቀድሞ የሚሰማ አልነበረም።

ዳማን ሲገዙት ትከሻው ተልጦ ነበር። የድሮ ጌታው በሻካራ ገመድ እያሠራ ነው እንዲያ ያደረገው። አባባ ጋሪ ሳያስጎትቱት፣ በጨው ውሃ እያጠቡ አዳኑት። በዳነው ቦታ ላይ የበቀለው ጸጉር ግን ነጭ ሆነ። ይሄ ፈረስ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ነጩ ቁስሉ መዳኑን ነው የሚናገረው።

ችግሩ ጭነት ያቆሰለው እንስሳ የሚጠራባት «ገጣባ» የምትለዋ ቃል ናት። ባለጋሪን ሌባ ብትሉት ሊስቅ ይችላል። ፈረሱን ገጣባ ካላችሁት ግን ጅራፉ ጀርባችሁ ላይ ነው። «እንስሳ አያያዝ የማታውቅ፣ ጨካኝ» ማለት ነውና። ስለዚህ ፈረስ ሰው ፊት የሚቀርብ ከሆነ ነጩን በጫማ ቀለም መቀባት በባለጋሪዎቹ ዘንድ የቆየ ነገር ነው። እኛ ለእንግዳ ወለል እንደምንወለውለው ማለት ነው።

ከዚያ ከፈረስ ፈረስ የሚተላለፍ የቆዳ በሽታ ገባ። የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤቱ መኪና ድምፅ ማጉያ ጭኖ በየሰፈሩ ዞረ። ፈረስ ሁሉ ይመርመር፤ ጤነኛው ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ይደረግለታል፤ ቁጥር የሌለው አይሠራም፤ በሽተኛው ይወገዳል፤ ቁስል የሸሸገ ፈረሱ እንደ በሽተኛ ይቆጠራል።

«እኛ ምን ቁስል አለን?» አሉ አባባ።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ቁጥር የሌላቸው ሲቀሩ ሥራው ለእኛ ይበዛል፣ ጣሪያውም ይታደሳል እያልኩ ነበር።

የምርመራው ቀን ጠዋት ዳማን በጨርቅ ሲያሹት አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቡናማ የጫማ ቀለም ተከፍቷል።

«አባባ፣ ይተዉት ግድ የለም። ሐኪም ፊት እኮ ነው የሚሄደው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሠርግ ስትሄጂ ፊትሽን አትቀቢም?»

ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር እኔ ልጄን አዝዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ጋሪውም ይታያል ስለተባለ ዳማ እየጎተተው ነው የሄድነው። ሜዳው በፈረስ ተሞልቷል። ከሜዳው ጥግ በመኪና የተቆፈረ ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት ቆሟል። «ጉሮሮ» የሚሉት ባለጋሪ ከሰልፉ መሀል ጮኸ።

«ጋሼ! ዳማን ሊድሩት ነው እንዴ እንዲህ ያብለጨለጩት?»

«አንተን ያገባች እያለች እሱ ምን ያጣል!» አሉት። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ተራችን ደረሰ። ሐኪሟ ወጣት ናት። አንገቱን ዳሰሰች፣ ወደ ትከሻው ወረደች፣ እጇን አነሳች። መዳፏ ቡናማ ሆኗል።

«አባት፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቀለም።»

«ለምን ተቀባ?»

አባባ የዳማን ጋማ በጣታቸው ማበጠር ያዙ። ያ ሁሉ ባለጋሪ ጆሮውን አቁሞ እየሰማ ያቺን ቃል እንዴት ከአፋቸው ያውጧት? እኔ ከኋላ ጮህኩ። «ነጭ ጸጉር ነው ዶክተር! የዱሮ ጠባሳ ነው!»

ሐኪሟ በውሃ አጥባ አየችው። «ደርቋል፣ ድኗል። ፈረሱ ጤነኛ ነው» አለች፣ ጥላ ሥር ወደተቀመጠው ኃላፊ ዞራ።

«ጠባሳው ቁስል አልነበረም?» አላት።

«ድሮ ነበር፣ ግን…»

«እንግዲያው ተሸሽጓል። ዛሬ ለአንዱ ብተው ነገ ቁስሉን ሁሉ ቀብቶ ይመጣል። ሕጉ ሸሸገ ይላል እንጂ ዳነ አልዳነ አይልም። ቀጣይ!»

ያኔ አባባ ቆባቸውን አወለቁ። «ጌታዬ፣ ገጣባ ይሉብኛል ብዬ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ምን አሉ?»

«ገጣባ ይሉብኛል ብዬ!»

ሜዳው ሳቀ። ኃላፊውም ሳቀ። ከአፋቸው አውጥተው የማያውቋትን ቃል አወጡ፤ አልጠቀመቻቸውም።

ዘበኞቹ ከጋሪው ፈትተው ልጓሙን ሲይዙት ዳማ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ተራገጠ፣ አንዱን ጣለው። ሐኪሟ መርፌውን እንደያዘች ወደ ኋላ አለች።

«አባት፣ እርስዎ ይያዙልን እስቲ» አለ ኃላፊው። «እንዲህ ሲሆን እኮ የሚሰቃየው እሱ ነው።»

አባባ ጉድጓዱ አፍ ድረስ እየመሩ ወሰዱት። ዳማ እንደ በግ ተከተላቸው። አንገቱን አቅፈው በጆሮው ያወሩለት ጀመር። የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «የባለሱቁ ሚስት ተመለሰች አሉ…» ሐኪሟ እያለቀሰች ወጋችው። እግሮቹ ሲከዱት አባባም አብረው ወደቁ። ዘበኛው ጎትቶ ባያወጣቸው ኖሮ አብረው ይገቡ ነበር። ጉሮሮ ቆቡን አወለቀ። ቆየት ብሎ ግን የእሱ ፈረስ ቢጫውን ቁጥር ሲያገኝ ሲያፏጭ ሰማሁት። አልፈርድበትም፣ ልጆች አሉት።

ጋሪው ቀረ። «ሜዳው ላይ የቀረ ንብረት ይወረሳል» አለ ዘበኛው። አባባ ዳማ በነበረበት በሁለቱ እንጨቶች መሀል ገቡና ጎተቱ።

«ልጅዎ ይምጣና ይውሰደው፣ አባባ።»

«እስኪመጣ ይወስዱታል።»

ትልቁ መንገድ ላይ ስንደርስ እሳቸውን እንዴት እንደማጽናና ሳስብ፣ እግረ መንገዴንም ጋሪው ቢሸጥ ዶሮ ልናረባ እንችላለን እያልኩ ሳሰላ፣ አንዲት ሴት ከጆንያዎቿ አጠገብ ሆና ዓይኗ ሌላ ቦታ እንዳለ እጇን ዘረጋች።

«ጋሪ! ባዶ ነህ?»

ዞር ስትል አየችን። «ውይ! ፈረሱስ?»

አባባ ቆሙ። ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል።

«ትጭኛለሽ ወይስ ትጠይቂያለሽ?» አሏት።

እኔን አየችኝ፣ ልጄን አየች፣ ከዚያ ጆንያዋን ማንሳት ጀመረች። አባባ እንጨቶቹን አጥብቀው ያዙ። እኔም የልጄን አንቀልባ አጥብቄ አሰርኩና ከኋላ ገፋሁ።