እናቴን ወጌሻ ቤት ማን ወሰዳት

የተቀቀለ የእንሰት ሥር፣ አሚቾ፣ በሸተተኝ ቁጥር ግራ እጄን ያሳክከኛል። ግራ እጅ የለኝም፤ ቢሆንም ያሳክከኛል። ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ውስጥ በተከራየሁበት ግቢ ጎረቤቴ የድስቷን ክዳን ስትከፍት፣ ያ እርጥብ አፈርና ድንች የተቀላቀለበት የመሰለ ሽታ በመስኮቴ ገባ። በዚያው ቀን ጠዋት ስብሰባ ላይ አንድ ሰውዬ ማይክ ጨብጦ፣ "ሕዝባችን ወጌሻና መድኃኒት አዋቂ ጋ የሚሄደው በግንዛቤ እጥረት ነው" ሲል ሰምቼዋለሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ በየትኛው እጄ ላጨብጭብለት?

እስቲ ልንገርህ፣ አንተም ፍረድ።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው መስቃን ገጠር ውስጥ፣ ከቡታጅራ ብዙም ሳይርቅ ነበር። በርበሬ በደረሰበት ወር ገበያ ስንሄድ፣ ጋሪው ላይ ከተጫነው ጆንያ ጫፍ ተቀምጬ ነበር። ጎማው ጉድጓድ ገባና ተስፈንጥሬ በግራ እጄ ላይ ወደቅሁ። ከሕመሙ ይልቅ አፍንጫዬ ውስጥ የገባው የበርበሬ ብናኝና ፈረሱ ቆሞ ሲያነጥስ ትዝ ይለኛል። እናቴ በርበሬዋን መንገድ ላይ ጥላ፣ እኔን ታቅፋ ሮጠች። ወዴት እንደሮጠች ልብ በልልኝ። ወጌሻ ጋ አይደለም። ጤና ጣቢያ ነው የሮጠችው።

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡን። የጠዋት ፀሐይ በበሩ ገብታ እግራችን ላይ ደረሰች፣ ቆየች፣ ሄደች። ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ስንቱ ከኋላችን መጥቶ ቀድሞን ገባ። ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋዋን የለበሰ አንድ ወጣት እጄን ሳይነካ አየት አደረገና የሆነ ነገር ቶሎ ቶሎ ተናገረ። የእናቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ በርበሬ ለመሸጥ ይበቃል፣ ለአጥንት አይበቃም።

"ወንድሜ፣ አልገባኝም። የልጄ እጇ ይቆረጣል ወይ?" አለችው።

ወጣቱ አነጋገሯን እያጣመመ ለባልደረባው ደገመለት። ተሳሳቁ። ቀጥሎ ወደ እሷ እንኳ ሳይዞር፣ "ራጅ የሚያነሳው የለም፣ ነገ ተመለሺ" አላት። የማስታገሻ ኪኒን የሰጠኝ የለም። እናቴ ሻርፗን አውልቃ እጄን ከአንገቴ ጋር አሰረችልኝና ወጣን።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ሰፈራችን ወጌሻ ሄድን፤ ደጁ ላይ ተቀበለን። "አሰላሙ አለይኩም፣ ግቡ ግቡ" ብሎ የተቀመጠበትን ዱካ ለእናቴ ለቀቀላት። ስሜን ጠየቀኝ። እጄን በቅቤ እያሸ የቱ ጋ እንደተሰበረ በገዛ ቋንቋችን አስረዳት። "አይዞሽ እህቴ፣ ይድናል ኢንሻአላህ" ሲላት፣ ቀኑን ሙሉ እንባዋን ይዛ የዋለችው እናቴ አለቀሰች። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ? ሰውዬውን በሰጣት ፊት አመነችው። እሱም በቀርከሃ ስንጥር ጥብቅ አድርጎ አሰረኝ።

እኛ አገር አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሚበላው የእንሰት ዓይነት አለ። ያለው ለሌለው ይነቅላል። ጎረቤታችን ከጓሮው ነቅሎ አመጣልን፤ አሚቾው ተቀቅሎ በወተት ቀረበልኝ። ቤቱ በጠያቂ ተሞላ፣ ሁሉም "ብዪ፣ አጥንት ይጠግናል" ይለኛል። እጄ ሲጠዘጥዘኝ አድሮ አንድ ጠዋት ሕመሙ ጥፍት አለ። "እሰይ፣ ተሻላት!" ብለው እልል አሉ። የደነዘዘ እጅ እንደማያምም ማን ይንገራቸው? ጣቶቼ ጠቁረው፣ ከአሚቾው የበረታ ሌላ ሽታ ቤቱን እስኪሞላው ድረስ ደስታው ቀጠለ።

ወጌሻው ማሰሪያውን ሲፈታ ፊቱ አመድ መሰለ። "ይሄ ከእኔ በላይ ነው" አለ። በእሱም እናደዳለሁ፣ ሌላ እንዳይመስልህ፤ እጄን አንቆ የገደለው የእሱ ማሰሪያ ነው። ግን ጋቢውን ደርቦ ሆስፒታል ድረስ አብሮን መጣ፤ በሩ ላይም ከእኛ ጋር ቆመ።

ሐኪሙ ጣቶቼን አይቶ እናቴ ላይ ጮኸ። "እስካሁን የት ነበርሽ? እናንተ ሰዎች መቼ ነው የምትሰለጥኑት? ልጅሽን ያጎደልሻት አንቺ ነሽ!" አልጋው ላይ ተኝቼ አፏን አፏን አያታለሁ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን "መጥተን ነበር፣ ስቃችሁብን መለሳችሁን" ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አንገቷን ደፍታ "እሺ ጌታዬ፣ አጥፍቻለሁ" አለችው። እጄን ከክርኔ በታች ቆረጡት።

ያ "አጥፍቻለሁ" ከእጄ መቆረጥ በላይ ሲያንገበግበኝ ኖረ። በባለ ጋዋኑም፣ በሐኪሙም ስናደድ፣ ደርባባዋ እናቴን ሳልጨምር ቀርቼ አላውቅም። ያላጠፋችውን ለምን ትቀበላለች? ዘንድሮ ለአረፋ አገሬ ስገባ አላስቻለኝም፣ ጠየቅኋት። ጓሮ ተቀምጣ በርበሬ ታሰጣ ነበር።

"ያን ቀን ሐኪሙ ፊት ለምን ዝም አልሽ?"

ቀና አላለችም። "ቢላዋው እኮ በእሱ እጅ ነበር" አለችኝ። "አንቺም በእሱ እጅ ነበርሽ። እኔ ተናግሬ አስቀይሜው፣ አንቺን እንዴት ያክምልኛል?"

አጠገቧ ቁጭ ብዬ በቀኝ እጄ በርበሬውን አብሬያት ማስጣት ጀመርሁ። እሷም ባዶው እጅጌዬ በርበሬው ላይ መውደቁን አይታ አነሳችው፤ ብናኙን አራግፋ፣ ሁለት ጊዜ አጠፈችና በመርፌ ቁልፍ ያዘችልኝ።