ያልተከፋፈለው ቤት

ኤስበን በደሴቲቱ ፍርድ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በጸሐፊነት ሠርቶ ጡረታ ወጣ፤ ሰው ግን ጡረታውን አልተቀበለለትም። ከፍርድ ቤት ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ ደንግጦ ደጁን ያንኳኳል። ኤስበንም መነጽሩን ይወለውልና፣ «ይግባኝ ማለት 'የመጀመሪያው ዳኛ ተሳስቷል፣ አንተ ስማኝ' ማለት ነው፤ ይርጋ ደግሞ 'ዘግይተሃል፣ ሂድና ተኛ'» ይላል። ቃል የሚያከብዱ ጠበቆችን አምርሮ ይጠላ ነበር።

እሁድ ዕለት ግን ራሱ ቃል ከብዶት፣ በጭጋግ በተሸፈነው ባሕር ዳር እየተንተባተበ ጎረቤቱን ሪግሞርን «አግቢኝ» አላት። ባሏ፣ የመርከብ አናጢው አክሰል፣ ከሞተባት ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ያረጀ ወረቀት ይዛ መጣች።

«መልሴን ከመስጠቴ በፊት ይቺን ንገረኝ። 'ያልተከፋፈለ ውርስ' ምንድን ነው?»

ኤስበን ሳያነበው አወቀው። «የቆየ ነገር ነው፣ ተይው» ቢላት ታምነዋለች። እንደዚያ ጠዋት ፈልጓት አያውቅም።

«አክሰል ሲሞት ልጆቹም ድርሻ ነበራቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ሕጉ ግን 'እናታችሁን ከቤቷ አታንቀሳቅሷት፣ ቆይታችሁ ትካፈላላችሁ' አላቸው።»

«ካገባሁስ?»

«ያኔ ይከፈላል። ድርሻቸውን መክፈል ካቃተሽ ቤቱ ይሸጣል።»

ሪግሞር በመስኮቱ ወደ ቤቷ አየች። አክሰል ከተሰበረ መርከብ ሳንቃ በእጁ ያቆመው ቤት ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ዛሬም ባሕር ላይ ያለ ይመስል ሲጥ ሲጥ ይላል።

«አንተ ጅል፣ ልትዋሸኝ ትችል ነበር እኮ።»

«እችል ነበር።»

ወጥታ ሄደች። ሁለት ቀን ጭጋጉ አልተነሳም። ኤስበን ቤቷ አንዴ ቀርቦ አንዴ ርቆ እየታየው፣ ሕልም ይሁን እውን ሳይለይ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ልቡ ተሰብሮ ነበር፤ ግን አልተጸጸተም።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ መስኮቱ በእንጨት ማንኪያ ተንኳኳ።

«ና ብላ!»

ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ሳህን የአተር ሾርባ ይጨሳል።

«ነገም ና» አለች ሳታየው። «ከነገ ወዲያም፣ እስክታረጅ ድረስ።»

«አርጅቻለሁ እኮ።»

«እንግዲያው ቶሎ ቶሎ ና። ለመሆኑ ሕጉ ይህንን ምን ይለዋል?»

ኤስበን ሠላሳ አንዱን ዓመት ገልብጦ ፈለገ።

«ስም የለውም።»

«እሰይ! አንተም እንዳታብራራው» አለችና ማንኪያውን እጁ ላይ አደረገችለት። «ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።»