ከሸክላ ሠሪዋ ኋላ ያለው ቦታ

ያ ሰልፍ እኔን ያስወጣኝ አንድ ክምር ቢጫ ጀሪካንና የእህቴን ባል ነው። ጀሪካኖቹን ኪሳራ ብዬ ይዣቸዋለሁ። የእህቴ ባል እኔ ቤት ሻይ መጠጣት መተዉን ግን ከኪሳራ ልመድበው ወይስ ከትርፍ፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማችን የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይፈለጋል፤ ስለዚህ የውሃ ችግር ሲወራ ሐዘኔን ፊቴ ላይ ብቻ ነው የማስቀምጠው። ያን ሰሞን ሆቴሉና የሹማምንቱ ቤት ያለበት ላይኛው ሰፈር አበባ በቧንቧ ያጠጣ ነበር። የእኛ የታችኛው ሰፈር ቦኖ ግን ሲከፍቱት ሳል እንጂ ውሃ አይወጣውም።

ውሃ በመጣ ቀንም ቢሆን፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ጀበናና ድስት ለምትሸጠው ሸክላ ሠሪ አይደርሳትም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል ስለሚባል ከእሷ ኋላ መቅዳት የሚፈልግ የለም። ጀሪካኗ ሁልጊዜ የወረፋው ጭራ ላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ ጭራው ጋ ሳይደርስ ይሄዳል። ያለ ውሃ ጭቃ አይቦካም። ገበያ ቀን ባዶ እጇን ተቀምጣ አየኋት።

"አንድ ገበያ እንዲሁ ካለፈኝ፣ ከላላ ከተማ ሄጄ ሰው ቤት መቀጠሬ ነው" አለችኝ።

ሰልፉን ያደራጀው የእህቴ ባል ነው፤ መምህር ነው።

"ባዶ ጀሪካን እየደበደብን እንሄዳለን። አውሰን" አለኝ።

"ይመለሳል?"

"አብሽር፣ ወላሂ ይመለሳል።"

መሐላው ሲቀድም ዕቃው እንደሚቀር ያን ጊዜ አወቅሁ። ግን የእህቴ ባል ነው፤ ሰጠሁት።

በማግስቱ ሸክላ ሠሪዋም እንስራዋን አዝላ ከሰልፉ ፊት መጥታ ቆመች።

"እታለም፣ አንቺ ከኋላ ሁኚ" አላት መምህሩ።

"እዚያ ጨርቅ ላይ የጻፋችሁት ምን ይላል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።"

"ውሃ ለሁሉም እኩል።"

"እኔ አለሁበት?"

"አለሽበት እንጂ። ከኋላ።"

ውሃ ቢሮው በር ስንደርስ ዘበኛው ዱላውን አጋድሞ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" አለን። ስብሰባው ጥብስ ጥብስ ይሸታል። ሰው ጮኸ፣ ጀሪካን ተደበደበ፤ ዘበኛው ንቅንቅ አላለም። ሸክላ ሠሪዋ ሰልፉ ለምን እንደቆመ ለማየት ከኋላ ጠጋ ስትል ግን፣ አንገቱ ላይ ያለውን ክታብ ጨብጦ ከበሩ ሸሸ። ያኔ ገባኝ። ገዢ ያጣ ዕቃ ሁሉ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ መደርደሪያው ይሆናል የተሳሳተው።

"እታለም፣ ቅደሚ" አልኳት።

መምህሩ ክርኔን ያዘኝ። "ምን እያደረግህ ነው?"

"እኩል እያደረግሁ።"

እሷ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ገባን። ኃላፊው ባለፈው ክረምት አዳራሽ ሰብስቦን፣ ቡዳ የሚባል ነገር የለም፣ ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ግማሽ ቀን ያስተማረን ሰው ነው። እሷን ሲያይ ጥብሱን በቃለ ጉባኤ ሸፈነው።

"ኧረ ይብሉ ጌታው" አለችው።

"ጠግቤያለሁ። እርስዎ ይቀመጡ" አለ፣ ጉንጩ እንደሞላ።

'እርስዎ' ሲላት ከኋላዋ ማን እንዳለ ለማየት ዞር አለች።

"አልቀመጥም። የመጣሁት ስለ ውሃችን ነው። እስኪጨርሱ እቆማለሁ፣ አልቸኩልም።"

ሰውየው ማኘክም መዋጥም አቃተው። "ነገ ጠዋት ይለቀቃል" አለ እንደምንም።

ጥብሱን የሸፈነውን ወረቀት አየችው። ከሥሩ እንፋሎት ይወጣል።

"ዛሬ" አለ።

ከሰዓት በኋላ ቦኖው አስሎ አስሎ ውሃ ሰጠ። ሰው የእኔን ጀሪካን ይዞ ተሻማ። እሷ ቀድመው ከደረሱት ጥቂት ሰዎች ቀጥሎ እንስራዋን አስቀመጠች።

"እታለም፣ እንደ ወትሮው..." ብሎ መምህሩ ወደ ጭራው አመለከታት።

"ቢሮ በር ላይ ዓይኔ ለእናንተ ሠራ" አለችው። "አሁን ደግሞ ለእኔ ይሥራ።"

ከዚያ የሞሉትን ጀሪካኖች አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አየቻቸው። ከፊቷ የነበረው ሰውዬ ገለል ብሎ "ቅደሚኝ" አላት።

"ተራዬ አይደለም።"

ከኋላዋ የነበረው ሕዝብ ግን አፈገፈገ፤ በቅሎ የሚያዞር ቦታ ተከፈተ። ነጋዴ ባዶ ቦታ አይቶ አያልፍም። ከጭራው ተነስቼ ጀሪካኔን እዚያው አስቀመጥኩ።

"ከእሷ ኋላ ልትቀዳ?" አለ መምህሩ። "እንግዲህ አንተ ቤት በዚህ ውሃ የተፈላ ሻይ አልጠጣም።"

ስኳር የሚጨምረው በሾርባ ማንኪያ ነው። ጀሪካኔን ወደ እንስራዋ ጠጋ አደረግሁ።

ሒሳቡ ሲዘጋ፦ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። የላይኛው ሰፈር አበባ አልደረቀም። ሸክላ ሠሪዋ በደረሰችበት ተራ ትቀዳለች፤ ከገበያም ቀርታ አታውቅም። ከኋላዋ ከእኔ በቀር የሚቆም የለም።