የሲ ቢሂ የቴምር ዘር

አሮጊቷ ላላ ኢጃ በዘመናቸው ብዙ ሹም አይተዋል። ልጅ ሳሉ በእናትሽ ቋንቋ አወራሽ ብሎ የገረፋቸው አስተማሪ ነበር፤ አሁን ደግሞ ያንኑ ቋንቋ በደሞዝ የሚያወድሱ መጥተዋል። ሁለቱንም እኩል ይንቋቸዋል።

ዘንድሮ የአውራጃው ምክር ቤት የአገሬውን የአማዚግ ሕዝብ አዲስ ዓመት የሕዝብ በዓል አድርጎ አወጀ። ደግ አደረገ። ሊቀመንበሩ ሲ ቢሂ ግን ለከተማ እንግዶቹ እንዲመች ብሎ ዋዜማውን ከማክሰኞ ወደ ቅዳሜ ገፋው። አዲስ ዓመት እንደ ሐኪም ቀጠሮ ሲገፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ደንቡን ሕፃን ያውቀዋል። በዋዜማው መንደሩ ካንድ ገበታ ገንፎ ይበላል። ገንፎው ውስጥ የቴምር ዘር ትደበቃለች፤ ያገኛት ሰው የመንደሩን ጎተራ ቁልፍ ለዓመት ይይዛል። ሲ ቢሂ ጎተራውን የቱሪስት ምግብ ቤት ሊያደርገው ቋምጧል። የሰዉ ገብስ የት ይግባ? እሱ ምን ቸገረው።

ሐሙስ ዕለት ላላ ኢጃ ደጅ ከች አለ።

«ላላ፣ የቅዳሜውን ገንፎ እርስዎ ያገንፉልን። ዘሯን የኔ ሳህን ውስጥ ጣል ያድርጓት፤ ካሜራ አለ።»

«በሳህን ነው እንዴ የሚበላው?»

«እንግዶች ናቸዋ። ካንድ ገበታ እጃቸውን አይሰዱም።»

«እሺ ልጄ፣ አገነፋለሁ» አሉ። ስለ ዘሯ ትንፍሽ አላሉም።

ቅዳሜ ሲ ቢሂ በክራቫቱ ላይ የተዋሰውን በርኖስ ደርቦ አደባባዩ መሀል ተጎለተ። ሁለቴ እንደጎረሰ ጉንጩን ያዘ፤ ከአፉ የቴምር ዘር አውጥቶ ለካሜራው አሳየ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። የመንደሩ ሰው ወደ ላላ ኢጃ ዞረ።

«በሉ ቁልፉን፣ ላላ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ላላ ኢጃ ማማሰያቸውን እየጠረጉ ቀና አሉ። «የምን ቁልፍ? ማክሰኞ ማታ እኛ ዋዜማችንን በልተናል። ዘሯ ማማስ ለምትባለው ለጎረቤታችን ወጣች፤ ባሏ ለሞተባት። ቁልፉም እሷ ጋ ነው።»

«ታዲያ ይቺስ?»

«እኔም ልጠይቅህ ነበር። በዛሬው ገንፎ ዘር የሚባል አልጨመርኩም።»

ካሜራው እየቀረጸ ነው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ከቤቱ በጉንጩ ይዞ መጥቶ ነዋ» ሲሉ አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ሲ ቢሂ ዘሯን የት እንደሚያደርጋት ጠፍቶት ጨብጦ ቀረ። እፍረት እንኳ እንደ በርኖሱ የውሰት መሰለችበት።

ማማስ ይህን ሁሉ አላየችም። ጎተራውን ከፍታ ለጎረቤቶቿ ገብስ እየሰፈረች ነበር።